ሕንፃው ቆሟል፣ በሩ ግን ዝግ ነው፦ የኩባንያ የጤና ፕሮጀክት ለምን ይጓተታል?

ጥያቄ፦ «በምኖርበት አካባቢ የሚሠራ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከሦስት ዓመት በፊት የማኅበረሰብ ጤና ልማት ፕሮጀክት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ይሠለጥናሉ፣ እናቶችና ሕፃናት እዚሁ ይታከማሉ ተባልን። በሁለት ዓመት ያልቃል ነበር የተባለው። አሁን ሕንፃው ቆሟል፣ ቀለምም ተቀብቷል፣ በሩ ግን ዝግ ነው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይመጣል። የመጨረሻው ‹78 በመቶ ተጠናቋል› ይላል፤ ያለፈው 75 ነበር። የአካባቢው ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ሰው እየመጣ ‹ተሸወድን አይደል?› ይለኛል። መዘግየቱ ያለ ነገር ነው ወይስ እያታለሉን ነው? ሕንፃው ካለ ለምን ዝም ብለው አይከፍቱትም? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ «እያታለሉን ነው ወይ» ወደሚለው እመለሳለሁ። መጀመሪያ 78 በመቶ የሚለውን ቁጥር እንየው፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የፕሮጀክት ሪፖርት ላይ መቶኛ ሲጻፍ ቢያንስ ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው የፋይናንስ አፈጻጸም ነው፤ ከተያዘው በጀት ምን ያህሉ ወጪ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው የፊዚካል አፈጻጸም ነው፤ ከታቀደው ሥራ ምን ያህሉ ተሠራ ማለት ነው። ሦስተኛው አገልግሎቱ ሰው ጋ ደረሰ ወይ የሚለው ነው። የኩባንያ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ነው። አንባቢው ግን ሦስተኛው ይመስለዋል። ማንም ሳይዋሽ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ይቀራል።

በዚያ ላይ የግንባታ መቶኛ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሥራው ዋጋ ነው። መሠረቱ፣ ኮንክሪቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ብዙ ገንዘብ ስለሚበሉ መቶኛው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። የቧንቧው፣ የኤሌክትሪኩ፣ የፍሳሹና የቆሻሻ ማስወገጃው ሥራ ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። ግን ጥቃቅን ነው፣ የተለያየ ባለሙያ ይፈልጋል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ስለዚህ መጨረሻ አካባቢ በሩብ ዓመት 3 በመቶ ብቻ መሄድ በራሱ የማታለል ምልክት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ቁጥር 100 ቢገባም እንኳ አንዲት ነፍሰ ጡር እዚያ ታይታ ላትወጣ ትችላለች። ቁጥሩ እሷን አይቆጥርማ!

ከጥያቄዎ የገባኝ ሁለተኛው ስህተት «ሕንፃው ካለ ሌላው ይመጣል» የሚለው ነው። ይህ ስህተት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ፕሮጀክቱን የቀረጹት ሰዎችም ሳይጋሩት አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1978 የ134 መንግሥታት ተወካዮች አልማ አታ ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ምንን እንደሚያካትት ሲወስኑ፣ የዘረዘሩት ንጹሕ ውኃን፣ ምግብን፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤናን፣ ክትባትን፣ የጤና ትምህርትን፣ የተለመዱ በሽታዎችን ማከምንና አስፈላጊ መድኃኒቶችን ነበር። ሕንፃ በዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው አልተጠቀሰም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የጤና ሥርዓት የሚቆምባቸውን ስድስት ነገሮች ሲያስቀምጥ አገልግሎት አሰጣጥ፣ የሰው ኃይል፣ መረጃ፣ መድኃኒትና ቴክኖሎጂ፣ ፋይናንስ፣ አመራር ብሎ ነው የዘረዘረው። የእርስዎ አካባቢ ፕሮጀክት ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ጀምሯል? ጠንከር ያለው ጥያቄ ይሄ ነው።

ወደ መዘግየቱ ምክንያት ልግባ። ተራ የሚባሉት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። የዕቃ ዋጋ ይንራል፣ ተቋራጩ ገንዘብ ያጥረዋል፣ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ወደብ ላይ ይቆያል፣ ፈቃድ ይዘገያል፣ የዝናብ ወቅት ሥራ ያስቆማል። እነዚህ ወራት ያስወስዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልቆ የቆመን ሕንፃ ለዓመት ዘግተው አያቆዩም።

ያለቀን ሕንፃ ዘግቶ የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው። የመሠረት ድንጋዩ በተቀመጠበት ቀን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ታልፏል ማለት ነው፦ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ማነው? የነርሷን ደመወዝ ማን ይከፍላል? መድኃኒቱ በየወሩ ከየት ይመጣል? መብራቱ፣ ውኃው፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ጥገናው በማን በጀት ይያዛል? ግንባታ አንዴ ወጥቶ የሚያበቃ ወጪ ነው። የሥራ ማስኬጃ ግን በየዓመቱ አለ። ለጤና ተቋም ደግሞ ጥቂት ዓመታት ሲደመሩ የሥራ ማስኬጃው ከግንባታው ወጪ ይበልጣል። ኩባንያዎች የመጀመሪያውን ለመክፈል ደስተኛ ናቸው፤ መነሻና መድረሻ አለው፣ ይመረቃል። ሁለተኛውን መንግሥት ይሸፍነዋል ብለው ያስባሉ። መንግሥት ደግሞ ኩባንያው ይሸፍናል ብሎ ያስባል። ሁለቱም ይህን ጮክ ብለው ስለማይናገሩት ማንም አያርመውም። የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ብዙ ጊዜ «ባለድርሻ አካላት በጋራ ይሠራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ደመወዝ አይወጣም።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመት ጉዳይ አለ፤ ሰው ብዙም ልብ አይለውም። የጤና ጽሕፈት ቤት አዲስ የሥራ መደብ ለማስፈቀድ የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ዕቅድ ማቅረብ አለበት። ዕቅዱን ለማቅረብ ደግሞ ጤና ጣቢያው መቼ እንደሚረከብ የተፈረመ ቀን ይፈልጋል። ኩባንያው «በቅርቡ» ካለው መደብ አያስይዝም። ርክክቡ የበጀት ጥያቄው ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢደርስ፣ የሁለት ሳምንቱ መዘግየት ሙሉ ዓመት ይሆናል። የኩባንያው የሒሳብ ዓመት ከመንግሥት የተለየ ከሆነ ደግሞ አንዱ ገንዘብ ሲኖረው ሌላው አይኖረውም። ከዚህ ጀርባ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። ሁለቱን የጊዜ ሰሌዳዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያስተያየ ሰው አለመኖሩ ነው ችግሩ።

የሰው ኃይሉም እንደዚያው ነው። አዋላጅ ከሕንፃ ይልቅ ረጅም ጊዜ ልትወስድ ትችላለች። የዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን መስፈርት፣ በቀጥታ ለሚገቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ነርስ ሆነው ለሚጀምሩ ደግሞ ቢያንስ 18 ወር ሥልጠና ይጠይቃል። ሕንፃው በሁለት ዓመት ያልቃል ከተባለ፣ አዋላጅ የማፈላለጉ ወይም የማሠልጠኑ ሥራ መጀመር የነበረበት ከመሠረት ቁፋሮው ጋር ወይም ከዚያ በፊት ነው። በተግባር ግን ቅጥር የሚታሰበው ቀለም ሲቀባ ነው። የተመደበችውም ባለሙያ የምትኖርበት ቤት ከሌለ አትቆይም። የሠራተኛ መኖሪያ ቤት ከዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነገር መሆኑን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ሁሌም ያናድደኛል።

ኩባንያው ውስጥ የሚሆነውንም አይርሱ። የሚሸጠው ምርት ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማኅበረሰብ በጀት ነው። ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አዲሱ ሰው የቀድሞውን ቃል እንደ ራሱ ቃል አይቆጥረውም። ፕሮጀክቱ የጤና ባለሙያ በሌለበት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥር ከሆነ ደግሞ ፎቶ የሚወጣለት ነገር ቅድሚያ ያገኛል። ግድግዳ ፎቶ ይወጣለታል። የመድኃኒት ክምችት መዝገብ አይወጣለትም።

አሁን «ለምን ዝም ብለው አይከፍቱትም» ወደሚለው ልምጣ። ቁጣው ይገባኛል። ግን እዚህ ላይ ኩባንያው ቢዘገይ ይሻላል የምልበት ቦታ አለ።

አንድ ያለቀ ግን ያልተከፈተ ጤና ጣቢያ ውስጥ ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የክትባት ማቀዝቀዣው ከነፕላስቲኩ ቆሟል። ከላዩ ላይ የሙቀት መጠን መመዝገቢያው ወረቀት ተለጥፏል፤ ጠዋትና ማታ የሚሞላው ሰንጠረዥ ባዶ ነው። የማዋለጃ ክፍሉ አልጋ አዲስ ነው፣ ያበራል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሲከፈት ግን ምንም አይወጣም። ታንከሩ ጣሪያ ላይ አለ፤ ወደ ታንከሩ የሚያመጣው መስመር ግን በሌላ ውል ውስጥ ነበርና አልተሠራም። ከጓሮ የእንግዴ ልጅ መቅበሪያ ጉድጓዱ ግማሽ ተቆፍሮ ዝናብ ሞልቶታል። ሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ «ጥቃቅን ቀሪ ሥራዎች» ነበር የተባለው።

ጥቃቅን አይደሉም። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን ደም መፍሰስ ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ይህ ደም መፍሰስ ደግሞ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያት ነው። ኦክሲቶሲን እንደ አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት የሚቆራረጥበትና ተተኪ ኃይል የሌለው ተቋም ውስጥ ብልቃጡ ይኖራል፣ ኃይሉ ግን ይደክማል። አዋላጇ መርፌውን ወግታ «ሰጥቻለሁ» ትላለች፤ ደሙ ግን አይቆምም። አንዳንድ ክትባቶች ደግሞ ከሙቀት ይልቅ ብርድ ይገድላቸዋል። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታቫለንት በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ በዓይን ግን ሁልጊዜ አይታወቅም። ውኃ የሌለበት የማዋለጃ ክፍል ለእናትም ለሕፃንም የኢንፌክሽን ምንጭ ነው። ቆሻሻውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 15 በመቶ ገደማው አደገኛ ነው፤ ያገለገለ መርፌ ከነዚህ አንዱ ነው። የሚወገድበት ቦታ ሳይዘጋጅ ከተከፈተ መርፌው ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የታማኝነት ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ምጥ ይዟት ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሰው ብታጣ፣ ወይም ሪፈር ተብላ መኪና ብታጣ፣ ጎረቤቷ በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ አትሄድም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው «ክፈቱልን» ብሎ ብቻ እንዲጮህ አልመክርም። ጫናው ሲበዛ ኩባንያው የሚያደርገውን አውቃለሁ፦ ሪባን ያስቆርጣል። እንግዶቹ ሲሄዱ ሕንፃው ተመልሶ ይዘጋል።

ይህ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የማዋለጃ ክፍሉ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጤናው ግን አይጠብቅም። ብዙ ነገር ያለ ሕንፃ ይሠራል። የክትባት ቀን በትምህርት ቤት ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥርም ይካሄዳል፤ ክትባቱን በቀዝቃዛ ሳጥን የሚያመጣ በቅርብ የሚገኝ ተቋም ካለ ይበቃል። የነፍሰ ጡር ክትትልም ቢያንስ በከፊል እንዲሁ ይጀመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያውም በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። የደም ግፊት መለካትና የአደጋ ምልክት ማስተማር ሕንፃ አይጠብቅም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር) እና ዚንክ መስጠትማ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ዋና ሥራ ነው።

ስለነዚህ ሠራተኞች ካነሳን፣ ጥያቄዎ ላይ «ይሠለጥናሉ» ተባልን ይላሉ፤ ሠለጠኑ ወይ የሚለውን ግን አልነገሩኝም። ይጠይቁ። እውነተኛው መሻሻል ወይም እውነተኛው ውድቀት ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል። ሠልጥነው፣ የመሣሪያ ቦርሳ ይዘው፣ ቤት ለቤት እየሄዱ ከሆነ የእርስዎ ፕሮጀክት ሕንፃው ተዘግቶም ሕይወት አለው፤ ይህንንም ለሰዉ መናገር ይገባል። ሠልጥነው የምስክር ወረቀት ተቀብለው ቤታቸው ከተቀመጡ ግን ሪፖርቱ ላይ «ሥልጠና ተጠናቋል» ቢባልም የተማሩት በወራት ውስጥ እየተረሳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «በጎ ፈቃደኞች ናቸው» የሚለውን በቀላሉ አትቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር የሚመጣጠን ክፍያ፣ የጽሑፍ ስምምነትና የቅርብ ክትትል እንዲኖራቸው ይመክራል። ክፍያው በውጤት ላይ ብቻ እንዳይመሠረትም ያሳስባል። ኩባንያው ለሕንፃው ቀለም ከፍሎ ለሰዎቹ «እግዜር ይክፈላችሁ» ሊል አይገባም።

ታዲያ እያታለሏችሁ ነው? ከሩቅ ሆኜ መፍረድ አልችልም፤ ግን በመዘግየትና በማፈግፈግ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ሪፖርትና የዘንድሮውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የ100 በመቶው ትርጉም ተለውጧል? መጀመሪያ ላይ የነበረው የውኃ መስመር፣ የሠራተኛ ቤት ወይም አምቡላንስ ሳይነገር ከዝርዝሩ ከጠፋ መቶኛው የሚያድገው ሥራው ስላደገ ሳይሆን ዕቅዱ ስላነሰ ነው። ቀጥሎ የማጠናቀቂያውን ቀን ይመልከቱ። ቀን ሲራዘም ምክንያትና ኃላፊ አብሮ ተጽፏል ወይስ ቀኑ ብቻ ነው የሚቀየረው? በመጨረሻም ከመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ጋር የተፈረመ የሥራ ማስኬጃ ስምምነት አሳዩን ይበሉ። ሦስቱም መጥፎ መልስ ካገኙ ይህ መዘግየት አይደለም፤ ኩባንያው ቀስ እያለ ከቃሉ እየወጣ ነው። ሦስተኛው ብቻ ከጎደለ ደግሞ ነገሩ ገና ይስተካከላል።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር ፕሮጀክቱ ስጦታ ነው ወይስ ግዴታ የሚለው ነው። ሰው ሁሉንም «እርዳታ» ብሎ ስለሚጠራው አንገቱን ደፍቶ ይጠይቃል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። የኩባንያው ሥራ አቧራ፣ የተበከለ ውኃ፣ የትራፊክ አደጋ ወይም በብዛት የሚፈልስ ሠራተኛ ካመጣ፣ በዚህ ምክንያት የሚመጣውን የጤና ጉዳት መከላከል የራሱ ኃላፊነት ነው። ለግል ኩባንያዎች የሚያበድረው የዓለም ባንክ ቡድን አካል፣ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ ያወጣው የአፈጻጸም መስፈርት ቁጥር 4 የሚናገረው ስለዚሁ፣ ስለ ማኅበረሰብ ጤናና ደኅንነት ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው እትም የ2012 ነው። ከዚያ ኮርፖሬሽን፣ ወይም የኢኳተር መርሆዎችን (ባንኮች ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ሲያበድሩ የሚከተሏቸውን የአካባቢና ማኅበራዊ መርሆዎች) ከተቀበለ ባንክ ለፕሮጀክቱ የተበደረ ኩባንያ እነዚህን መስፈርቶች የማክበር ግዴታ ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል። ኮርፖሬሽኑ የሚደግፋቸውን ፕሮጀክቶች በተመለከተ የማኅበረሰብ አቤቱታ የሚቀበል ነጻ ቢሮም ከ1999 ጀምሮ አለ። በአንዳንድ አገር ደግሞ የአገሪቱ ሕግ ራሱ ያስገድዳል፤ ለምሳሌ የሕንድ የ2013 የኩባንያዎች ሕግ የተወሰነ መጠን ላይ የደረሱ ድርጅቶች ከሦስት ዓመት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ ይጠይቃል። የእርስዎ አካባቢ ኩባንያ ፈቃድ ሲወስድ ምን ፈርሟል? የአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱ ላይ ጤና ጣቢያው ከተጠቀሰ የእናንተ አነጋገር ከልመና ወደ መብት ይለወጣል።

ምርጫዎቹን ልመዝንላችሁ። መጠበቅ አንዱ ነው፤ የሥራ ማስኬጃው ጥያቄ ካልተፈታ ግን ጊዜ ብቻውን አይፈታውም፤ የቆመ ሕንፃም ያረጃል። መንገድ መዝጋትና ሰልፍ ሌላው ነው። ሰሚ ሲጠፋ ሰው ለምን ወደዚያ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የሚያስገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የምረቃ ቀን ነው፣ በዚያ ላይ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሦስተኛው ኩባንያው ራሱ ሠራተኛ ቀጥሮ ያንቀሳቅሰው የሚል ነው። ይህ ፈጣኑ መንገድ ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ በጣም እፈራዋለሁ። ኩባንያው ከመንግሥት የተሻለ ደመወዝ ሲከፍል በአቅራቢያው ካሉ ተቋማት ነርሶችን ይወስዳል። ማዕድኑ ሲያልቅ ወይም ፋብሪካው ሲሸጥ ደግሞ ጤና ጣቢያው አብሮ ይዘጋል። ለተወሰነ ጊዜ፣ ማብቂያ ቀኑ ተጽፎ፣ በመንግሥት የደመወዝ ስኬል ከሆነ ብቻ እቀበለዋለሁ።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ሕንፃው መቼ ያልቃል ብሎ መጠየቁን ተዉት። ኩባንያው፣ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤትና ኮሚቴያችሁ የሚፈርሙበት አንድ የሥራ ማስኬጃ ስምምነት ጠይቁ። ከሦስት ገጽ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሸፈን ይጻፍበት። ኩባንያው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የደመወዝና የመድኃኒት ወጪን እየቀነሰ፣ መንግሥት እየጨመረ የሚሄድበት ሽግግር ቢሆን ይመረጣል። የርክክቡ ቀን ከመንግሥት የበጀት ጥያቄ ማቅረቢያ ቀን በፊት ይሁን። አከፋፈቱም በደረጃ ይሁን፤ መጀመሪያ ቤት ለቤት አገልግሎቱና ክትባቱ፣ ውኃና መብራት ሲገባ የተመላላሽ ሕክምናው፣ ማዋለጃው ደግሞ በመጨረሻ ይምጣ። ሌሊትም ቀንም አዋላጅ ሳይኖር፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪናና የሹፌሩ ደመወዝ ሳይረጋገጥ የማዋለጃ ክፍሉ አይከፈት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሪፖርቱንም አስቀይሩ። 78 በመቶ የሚለውን ትተው ጥቂት የሚገቡ ነገሮችን በየሩብ ዓመቱ ይንገሯችሁ፦ ስንት ሠራተኛ ደመወዝ ወጥቶለት ሥራ ላይ ነው፣ ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች ስንት ቀን ጠፍተው ነበር፣ ስንት ነፍሰ ጡር በጊዜ ክትትል ጀመረች። አንድ በጣም የምወደው መለኪያ አለ። የፔንታቫለንት የመጀመሪያ ዶዝ ከወሰዱት ሕፃናት ሦስተኛውን ሳይወስዱ የቀሩት ስንት ናቸው? ከ10 በመቶ በላይ ከሆኑ አገልግሎቱ ሰውን አንዴ ይስባል፣ ግን አይመልስም ማለት ነው። ይህን ቁጥር በፎቶ መሸፈን አይቻልም። መረጃው ደግሞ ወደ መንግሥት የጤና መረጃ ሥርዓት ይግባ፤ ኩባንያው የራሱን የተለየ መዝገብ ከያዘ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። የታካሚ ስምና የምርመራ ውጤት ለኩባንያው በፍጹም መድረስ የለበትም። በተለይ ታካሚዎቹ የኩባንያው ሠራተኞች ከሆኑ ይህ ከሥራ መባረርን ሊያስከትል ይችላል።

ኮሚቴያችሁም ገደቡን ይወቅ። የኮንክሪት ጥራት መፈተሽ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ያ የአማካሪ መሐንዲሱ ነው። ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የሚያዝ የመያዣ ገንዘብ ካለ ግን ጉድለቶቹ ሳይስተካከሉ እንዳይለቀቅ በጽሑፍ ማሳሰብ ትችላላችሁ። ገንዘብ በእጃችሁ አይግባ። የፕሮጀክቱን ጥቅም ለማከፋፈልም አትስማሙ፤ ኮሚቴ አባል ዘመዱን ጥበቃ ካስቀጠረ በኋላ ጥያቄ የመጠየቅ ድፍረቱ ይቀንሳል።

ነገ ደብዳቤ ጻፉ። ለኩባንያው ኃላፊ አድርጉት፣ ግልባጩ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ይሁን። ከዕቅዱ የጠፉትን ሥራዎች ዝርዝር፣ የሥራ ማስኬጃ ስምምነቱን ረቂቅ፣ የተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱንና የሠለጠኑትን የጤና ሠራተኞች ብዛት ጠይቁበት። የተባበሩት መንግሥታት የ2011 የንግድና ሰብዓዊ መብት መርሆዎች ኩባንያዎች ለማኅበረሰብ ግልጽ የአቤቱታ መንገድ እንዲኖራቸው ይጠብቃሉ፤ ካላቸው በዚያ በኩልም አስገቡትና የተቀበሉበትን ቀን አስፈርሙ። እስከሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት መልስ ካልመጣ፣ ያንኑ ደብዳቤ ከነፊርማው ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና ኩባንያው ለተበደረበት ባንክ ላኩት።